ማሽኑ ያልተሳሳተበት እሑድ

ፕሮግራም ጽፌ ሰው ወደ ጦር ግንባር ልኬያለሁ። እንዲህ ሲባል ጆሮ ላይ ይከብዳል፣ አውቃለሁ፤ ሌላ አባባል ግን አጥቼለታለሁ። ነገሩን እንደሆነው ልንገራችሁና የምትፈርዱትን ፍረዱ።

በደርግ የመጨረሻዎቹ ዓመታት ነው። ዘይነብ እባላለሁ፤ የደሴ ልጅ ነኝ። ለትምህርት ወደ አንድ ሶሻሊስት አገር ተልኬ፣ የኮምፒውተር ፕሮግራም መጻፍ ተምሬ ተመለስኩና ኮምቦልቻ አንድ ፋብሪካ ተመደብኩ። የፋብሪካው ስም ይቅር። ኮምፒውተሩ ያለበት ክፍል በዚያ ሁሉ ሙቀት ማቀዝቀዣ ያለው ብቸኛ ክፍል ስለነበር ሰው ሰበብ እየፈለገ ብቅ ይል ነበር። አቧራ እንዳይገባ ጫማ በር ላይ ይወልቃል። ጫማውን ያወለቀ ሰው ደግሞ፣ ምን እንደሚነካው እንጃ፣ ድምፁንም ዝቅ ያደርጋል። ሠራተኛው እኔን “ማሽኑን የምታናግረው” ይለኝ ነበር። ልቤ አብጦ ነበር፤ ለምን እዋሻለሁ።

አብሮኝ የሚሠራው ጌታቸው ይባላል። ደሴ ቧንቧ ውሃ ሰፈር ከእናቱ ጋር የሚኖር፣ ጨዋታ የሚወድ ልጅ ነበር። ማሽኑን የሚያስነሳው እሱ ነው፤ ወረቀት የሚያጎርሰው፣ ማቀዝቀዣው ሲያኮርፍ የሚያባብለው እሱ ነው። ጠዋት ጠዋት በሠራተኛ ሰርቪስ ከደሴ ስንወርድ ያን ጠመዝማዛ መንገድ ሙሉውን እያሳቀኝ ነበር የምንደርሰው። ሰው “ምንሽ ነው?” እያለ ይጠይቀኛል። ምኔም አልነበረም። ጓደኛዬ ነበር፣ በቃ።

አንድ ሰሞን ለፋብሪካው የዘማች ኮታ መጣ። አሥራ ሁለት ሰው። ቀደም ባለው ጊዜ “ካድሬው የጠላውን ላከ፣ የዘመዱን አስቀረ” ተብሎ ብዙ ጉምጉምታ ስለነበር የፋብሪካው ካድሬ ጓድ ተፈራ አዲስ ሐሳብ መጣለት፤ ማሽኑ ይምረጥ። ስብሰባ ጠራና ማሽን ዘመድ እንደሌለው አስረዳን፤ ተጨበጨበ። ሦስት ዓይነት ሰው ነጻ ይሆናል ተባለ። የታመመ፣ ያለ እሱ ሥራው የሚቆም ባለሙያ፣ እና ቤተሰቡን ብቻውን የሚጦር። ሌላው ሁሉ ዕጣ ውስጥ ይገባል። ፕሮግራሙን የምጽፈው እኔ ሆንኩ። ታዲያ ምን ተሰማሽ ካላችሁኝ፣ ደስ አለኝ። የደሞዝ ሒሳብ ሰልችቶኝ ነበርና ቁም ነገር ያለው ሥራ አገኘሁ አልኩ። ዛሬ ሳስበው ያሳፍረኛል።

እዚህ ላይ ትንሽ ታገሡኝ። ፕሮግራም ሲጻፍ አንድን ነገር ደጋግሞ መጻፍ ይሰለቻል። ለዚህ ማክሮ የሚባል ዘዴ አለ። አንዴ ትጽፉታላችሁ፤ ከዚያ በኋላ በአጭር ስም በጠራችሁት ቁጥር ማሽኑ ራሱ ሙሉውን እየዘረጋ ይተካዋል። እያንዳንዱ የሥራ ክፍል የሠራተኛውን የቤተሰብ ሁኔታ የያዘው በየራሱ መንገድ ስለነበር “ብቻውን የሚጦር ነው ወይ?” የሚለውን ጥያቄ በማክሮ አደረግሁት። የሕመሙንና የሙያውን ጥያቄ ግን አንድ በአንድ በእጄ ጻፍኩ። የመጨረሻው መልስ የሚቀመጥበትን ቦታ “ነጻ” ብዬ ሰየምኩት። ለካ ማክሮው ውስጥም ለጊዜው መልሱን ለሚይዝልኝ ቦታ ያንኑ “ነጻ” የሚል ስም ሰጥቼው ኖሯል።

ቤታችሁ አሊ የሚባል ልጅ ቢኖር፣ ጎረቤታችሁም አሊ ቢባል፣ ጓዳ ሆናችሁ “አሊ!” ስትሉ የሚመጣው የራሳችሁ ልጅ ነው። ጎረቤት አይሰማም። እንደዚያው ነው የሆነው። “ይህ ሰው ነጻ ነው” የሚለው ቃል ለውስጠኛው ተነገረ። ማክሮው ሲያልቅ ውስጠኛው አብሮ ይጠፋል። የውጪው፣ ዋናው፣ ምንም ሳይሰማ “ነጻ አይደለም” እንዳለ ይቀራል።

ታዲያ አልተነገረኝም ማለት አልችልም። ኮምፓይለሩ፣ የጻፍነውን ወደ ማሽኑ ቋንቋ የሚለውጠው ፕሮግራም ማለት ነው፣ በግልጽ ነግሮኛል። ይህ ስም በውስጥ እንደገና ታውጇል፣ የውጪውን ይሸፍነዋል እያለ፣ ማክሮው በተዘረጋበት ሁሉ እየደጋገመ ወረቀቱን ሞላው። ማስጠንቀቂያ ግን ሥራ አያስቆምም፤ ፕሮግራሙ ይሄዳል። ከማክሮ የሚመጣው ማስጠንቀቂያ ደግሞ ለእኔ እንደ አማት ጭቅጭቅ ነበር፤ ብዙ ነው፣ ዘወትር ነው፣ አብዛኛውን ጊዜም ጉዳት የለውም። ጌታቸው ወረቀቱን አይቶ ይሄ ሁሉ ምን እንደሚል ጠየቀኝ። “ተወው፣ ልማዱ ነው” አልኩት። ወረቀቱን ጠቅልሎ ለዘበኞቹ የሻይ እሳት ማቀጣጠያ ሰጣቸው። ፕሮግራሙን በታመመ ሰው ሞከርኩት፤ ሠራ። በባለሙያ ሞከርኩት፤ ሠራ። በጧሪ አልሞከርኩትም። ሰርቪሱ ሊያመልጠኝ ነበር።

ዓርብ ከሰዓት ስሞቹ በድምፅ ማጉያ ተነበቡ። ሰኞ ጠዋት ከደሴ ተጭነው ይሄዳሉ ተባለ። ጌታቸው ስሙ ሳይነበብ ሲቀር እግሩ መሬት አልነካም፤ ሻይ ጋበዘኝ፣ መንገድ ላይም ሲያንጎራጉር ነበር።

ቅዳሜ ጌታቸው ፈቃድ ወጥቶ ነበርና ማሽኑ አልተነሳም፤ ብቻዬን ነበርኩ። አንድ ሰው በር ላይ ጫማውን አውልቆ ቆመ። ሰኢድ ይባላል፤ ማሸጊያ ክፍል የሚሠራ የቢስቲማ ልጅ ነው። ከአሥራ ሁለቱ አንዱ ነበር። ሰላምታ ሰጠኝና ማሽኑን የማናግረው እኔ እንደሆንኩ ጠየቀኝ። ነኝ አልኩት። አባቱ እንደሞቱ፣ የእናቱ ዓይን እንደጠፋ፣ ሁለት ታናናሾች እንዳሉት፣ ከእሱ ደሞዝ በቀር የሚቀመስ እንደሌላቸው በዝግታ ነገረኝ። ይህንንም የገበሬ ማኅበሩ መስክሮለት ለክፍሉ አስመዝግቧል። አልለመነኝም፤ የመጣው አንድ ነገር ለማወቅ ነው።

“ወላሂ፣ ተራዬ ከሆነ እሄዳለሁ” አለኝ። “ግን ማሽኑ የእናቴን ነገር አይቶ ነው ወይስ ሳያይ? እሱን ብቻ ንገሪኝ፣ እህቴ።”

“ማሽን አይረሳም” አልኩት።

ራሱን ነቀነቀና “እንግዲያ ተራዬ ነው፤ አልሐምዱሊላህ” ብሎ ጫማውን አጥልቆ ሄደ።

ጥያቄው ግን አብሮት አልሄደም። ፕሮግራሙን የጻፍኩበትን ወረቀት አወጣሁና ከላይ ጀምሮ አነበብኩት። ማክሮው ላይ ስደርስ ያ የተናቀ ማስጠንቀቂያ ትዝ አለኝ። ሕመም ተጠይቋል፣ ሙያ ተጠይቋል። ጧሪነት ግን ተጠይቆ፣ ተመልሶ፣ መልሱ እዚያው ውስጥ ቀርቷል። ከአሥራ ሁለቱ እንደ ሰኢድ ያለ ሌላ እንዳለ ለማየት ከየክፍሉ መዝገብ ጋር አመሳከርኩ። እሱ ብቻ ነው። ያ አላህ! ሰውዬውን አሁን ዓይኑን እያየሁ ማሽን አይረሳም ብዬዋለሁ።

ጓድ ተፈራ ቢሮ ገባሁ። ነገርኩት። ካርታ ከተሰቀለበት ግድግዳ ሥር ተቀምጦ እስክጨርስ ሰማኝ።

“ስሕተት ነው ወይስ አሻጥር?” አለኝ።

ያን ዘመን የምታውቁ ይህች ጥያቄ ወዴት እንደምትወስድ ታውቃላችሁ። ስሕተት ነው፣ የእኔ ነው አልኩት። እሱም ኮታው አሥራ ሁለት መሆኑን አስታወሰኝ፤ አንድ ካወጣሁ አንድ ማስገባት አለብኝ። ዕጣው ሰውን ሁሉ በተራ አስቀምጦታል፤ ሰኢድ ሲዘለል ቀጥሎ ያለው ይገባል ብዬ አስረዳሁት። ማን እንደሆነ ጠየቀኝ። ፕሮግራሙ ያተመው አሥራ ሁለቱን ብቻ ስለነበር አላውቅም አልኩት። “እንግዲያ ነገ አርመሽ ቤቴ አምጪ። ካላመጣሽ ያለው እንዳለ ይሄዳል” ብሎ አሰናበተኝ። መታሰር ቀርቶልኝ፣ ሰኢድም ሊተርፍ ነው ብዬ እየቀለለኝ ወጣሁ። የሚቀጥለው ሰው ለእኔ ያኔ ፊት አልነበረውም። ይህን ስነግራችሁ ራሴን አልወደውም፤ ግን እንደዚያ ነው።

ማሽኑን ያለ ጌታቸው ማስነሳት ስለማልችል ማታውኑ ቤቱ ሄጄ ነገርኩት። አላቅማማም። “አብሽሪ፣ ሰኢድን እናወጣዋለን” አለኝ። እሑድ ረፋድ ሰርቪስ ስለሌለ አንድ የጭነት መኪና ለምነን ኮምቦልቻ ወረድን። መንገድ ላይ እንኳ ሲቀልድብኝ ነበር፤ ማስጠንቀቂያውን ዘበኞቹ ሻይ አፍልተውበታል፣ እነሱ ሳያነቡት አይቀሩም እያለ። ማሽኑን አስነሳ። እኔ ማክሮው ውስጥ ያለውን ስም ቀየርኩ። የቀየርኩት አንዲት ቃል ነው። ኮምፓይለሩ ይህን ጊዜ ምንም አላለም፤ ወረቀቱ ነጭ ሆኖ ወጣ። በጧሪም ሞከርኩት፤ ሠራ። ያንኑ ዕጣ እንደገና አስሄድኩት።

ማተሚያው መንጫጫት ጀመረ። ጌታቸው ወረቀቱን ሊቀበል አጠገቡ ቆሞ ነበር። ስሞቹን እየተከተለ በጣቱ ይወርዳል። “ሰኢድ የለም! ወጥቷል!” አለ በደስታ። ከዚያ ጣቱ ቆመ።

ተነስቼ ሄድኩ። የመጨረሻው ስም የእሱ ነበር። ከነአባቱ፣ ከነአያቱ።

“ትክክል ነው?” አለኝ።

ሦስቱን ጥያቄ አንድ በአንድ በልቤ አለፍኩባቸው። ጤነኛ ነው። ሁለት ታላላቅ ወንድሞች አሉት፤ ስለዚህ ብቻውን ጧሪ አይደለም። ሥራውንም ሌላ ሰው ቶሎ ይለምደዋል ተብሎ ተመዝግቧል። “ትክክል ነው” አልኩት።

ወረቀቱን ማተሚያው ላይ ተወውና ወጣ፤ ጫማውን እንኳ አላደረገም። በመስኮት አየዋለሁ። ግቢው ውስጥ ፀሐዩ ላይ ቆሞ ሲጋራ ያጨሳል። እኔ ወንበሬ ላይ ተቀመጥኩ። ዕጣውን የሚያስጀምር አንድ ቁጥር አለ፤ እሱን ብለውጠው ተራው ሁሉ ይለወጣል። ሰኢድን ካወጣሁት ወዲያ የትኞቹ አሥራ ሁለት እንደሆኑ ማን ያውቃል? ጓድ ተፈራ ዓርብ የተነበቡትን ያውቃል፣ ግን ስሕተቱ ሁሉንም ነክቷል ብል ማን ይመረምረኛል? እጄን መጻፊያ ቁልፎቹ ላይ አደረግሁ። አሮጌውን ቁጥር አጠፋሁ። አዲሱን ጻፍኩ።

በሩ ተከፈተ። ጌታቸው ስክሪኑን አየ፤ ሥራዬን ሦስት ዓመት ሲያይ የኖረ ሰው ነውና ገባው።

“በእኔ ቦታ ማንን ልትልኪ ነው?” አለኝ።

“አላውቅም። ዕጣ የወጣበትን።”

ዓይኑን ከስክሪኑ ላይ አላነሳም። እንድቀጥል የፈለገ መስሎኝ ነበር። አሁንም ይመስለኛል፤ ለአፍታ ፈልጓል። ከዚያ “ተይው” አለኝ። “ነገ እሱም ጫማውን አውልቆ በር ላይ ይቆማል። ምን ልትይው ነው?”

ቁጥሩን ወደ ቀድሞው መለስኩት። ሐቀኝነት ነው ወይስ ፍርሃት? ብዙ ዘመን አስቤበት መልሱን አላገኘሁትም። ወረቀቱን ከማተሚያው ላይ የቀደደው እሱ ነው። ለጓድ ተፈራ አብረን ሄደን ሰጠነው። ጓድ ተፈራ ስሙን አነበበና ቀና ብሎ ጌታቸውን አየው። ስንወጣ ጌታቸው አንድ ነገር ብቻ ለመነኝ። “ለእናቴ አንቺ ንገሪልኝ። እኔ አልችልም።”

ሰኞ ሄደ። ሁለት ጊዜ በሰው ሰላምታ ላከልኝ፤ ሁለተኛው ላይ ቀልድ ነበረበት። ከዚያ ድምፁ ጠፋ። መንግሥት ተለወጠ፤ የሄዱት ሰዎች በእግርም፣ በመኪናም፣ በክራንችም ወደ ደሴ ተመለሱ። መናኸሪያ ሄጄ የቆምኩባቸውን ቀናት አልቆጥርላችሁም። ጌታቸው አልመጣም።

ፋብሪካው ውስጥ “የእምነቷን ሰው አወጣች፣ ክርስቲያኑን ሰደደች” ብለው ያሙኝ ነበሩ። ወሎ ውስጥ እንዲህ መባል እንዴት እንደሚያም የወሎ ሰው ያውቀዋል። ሰኢድ ደግሞ፣ ጌታቸው በሄደ በሳምንቱ፣ እናቱን እየመራ ይዟት መጣ። አሮጊቷ እጄን ፈልጋ ይዛ ዱዓ አደረገችልኝ፤ አላህ እንዲያቀናኝ፣ ክፉ እንዳይነካኝ። እኔ መሬት መሬት አያለሁ። በመጨረሻ “በልጄ ፈንታ የሄደው ማን ይባላል?” አለችኝ። ነገርኳት። ለእሱም ዱዓ እንድታደርግ ስሙን እስክትይዘው ድረስ ደጋገመችው። ያን ቀን ያለቀስኩትን ሌላ ጊዜ አላለቀስኩም።

ከእናንተ መካከል ዛሬ በኮምፒውተር የምትሠሩ ትኖራላችሁ። ማስጠንቀቂያውን አንብቡ። እኔ ከዚያ ወዲህ አንዲትም አላልፍም፤ አብረውኝ የሚሠሩ ልጆች ይስቁብኛል፣ ይሳቁ። ግን ይህ ቀላሉ ነው፤ የከበደኝ ሌላው ነው። ማስጠንቀቂያውን በጊዜው አንብቤው ቢሆን ኖሮ ዓርብ ዕለት የሚነበበው የጌታቸው ስም ነበር። በየትኛውም መንገድ እሱ መሄዱ አይቀርም ነበር። የእኔ ስንፍና የሰጠው ሁለት የደስታ ቀን ነው፤ ከዚያ እኔው ራሴ መልሼ ወሰድኩበት። ስሌቱ እንዲህ ነው። ስንት ጊዜ ብሠራው ያው ነው የሚመጣው፤ ልቤ ግን አልቀበል አለ። የተሳሳተው ፕሮግራም የላከውን ሰው መልሼዋለሁ፤ ትክክለኛው የላከውን የምመልስበት መንገድ አልነበረኝም።

የዚያን እሑድ ከሰዓት እስካሁን ዘልዬዋለሁ። ማምለጥ ፈልጌ ነው። የጌታቸው እናት እማማ ብርቄ ቧንቧ ውሃ ቤታቸው ደጃፍ ተቀምጠው አገኘኋቸው። ጌታቸው መንገዱ ጥግ ቀረ። ብቻዬን መምጣቴን ሲያዩ ከመናገሬ በፊት ፊታቸው ተለወጠ። አጠገባቸው ተቀምጬ ነገርኳቸው፤ እንዴት አድርጌ እንደነገርኳቸው አላስታውስም።

“ዓርብ ስሙ አልተነበበም ብሎኝ ነበር እኮ” አሉኝ። “ማሽኑ ተሳስቶ ይሆናል፣ ልጄ። ሂጂ እስቲ ደግመሽ እይው።”

ያን ጊዜ ልጁ የሄደበት ወላጅ ሁሉ እንዲህ ይላል፤ በስሕተት ነው የወሰዱብኝ ብሎ ይጽናናል። እሳቸውን ይህን እንዳይሉ የሚከለክል ሰው ቢኖር እኔ ብቻ ነኝ። ብዋሽ ምን ነበረበት?

“አልተሳሳተም፣ እማማ” አልኳቸው። “የተሳሳተው ዓርብ ነው። እሱም እኔ ነኝ።”

እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አደረጉ። “እንግዲያ ማንን ልርገም?” አሉ።

“እኔን ይርገሙኝ።”

ዞር ብለው አዩኝ። አስተያየታቸውን እስከ ዛሬ መፍታት አልቻልኩም። “አንቺማ አስተካከልሽ” አሉኝ። ከዚያ ግድግዳውን ይዘው ተነሱ፣ ወደ ቤት ገቡ፣ በሶና ወንፊት ይዘው ወጡ። ወንፊቱን እኔ እጅ ላይ አኖሩት። ለሰኞ ስንቅ መድረስ አለበት አሉ። እስኪመሽ ድረስ አብረን ነፋን።